የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር፤ ታሪኩና ዓላማው

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ማለዳ ወደ እንጅባራ ከተማ የሚያስገቡት መንገዶች በፈረሰኞች ይሞላሉ። ከባንጃ፣ ከፋግታ ለኮማ፣ ከአንከሻ ጓጉሳ፣ ከጓጉሳ ሽኩዳድ፣ ከዳንግላና ከሌሎችም የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ወረዳዎች የሚመጡት እነዚህ ፈረሰኞች፣ መንገዱ የሚርቃቸው ከዋዜማው ተነስተው፣ የቅርቦቹ ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ፈረሶቻቸውን ጭነው ይጓዛሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው እንጅባራ የጥር ማለዳ ብርድ ብርቱ ነው። ነጭ የአገር ባህል ልብስ የለበሱት ፈረሰኞች በየወረዳቸው ተሰልፈው ወደ ሜዳው ሲገቡ የፈረሶቹ ትንፋሽ እንደ ጢስ ይታያል።

ይህን ዓመታዊ በዓል የሚያዘጋጀው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሕዝባዊ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ጥር 23 ቀን 2012 ዓ.ም. 80ኛ ዓመቱን በእንጅባራ ከተማ በድምቀት አክብሯል። አባላቱ በአስተዳደሩ ልዩ ልዩ ወረዳዎች የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ቁጥራቸውም ከ50 ሺህ እንደሚበልጥ በተለያዩ ጊዜያት ተገልጿል። ከአባላቱ እጅግ የሚበዙት አርሶ አደሮች ናቸው። ለአባልነት የሚያበቃውም ዋናው ነገር ሀብት ወይም ማዕረግ ሳይሆን ፈረስ መያዝና ፈረሱንም ለማኅበሩ ጥሪ ዝግጁ አድርጎ ማቆየት ነው።

ማኅበሩ ስሙን ያገኘው ከአካባቢው ሕዝብ የትውልድ ትረካ ነው። ከላስታና ከዋግ አካባቢ ተነስተው በምዕራብ ጎጃም የሰፈሩ ሰባት ወንድማማቾች የአዊ አገው አባቶች እንደሆኑ አበው ለልጆቻቸው ሲነግሩ ኖረዋል። አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቋቁራ፣ ጫራ፣ ምትክሊና ዚገም የሚባሉት ሰባቱ ቤቶች የየራሳቸውን ምድር ይዘው እንደኖሩ ይተረካል። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ ዛሬም የወረዳና የአካባቢ መጠሪያ ሆነው ያገለግላሉ። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአስተዳደሩ ነዋሪ ቁጥር ወደ 983 ሺህ ይጠጋ ነበር። አዊኛ የኩሽ ቋንቋዎች ቤተሰብ አባል ሲሆን፣ በአካባቢው ከአማርኛ ጎን ለጎን ይነገራል።

የማኅበሩ አባላት የማኅበሩን አመሠራረት ሲያስረዱ ቀዳሚ የሚያደርጉት የዓድዋን ዘመቻ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በተገኘው ድል ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊት ጋር የአገው ፈረሰኞችም እንደዘመቱ፣ ከጋላቢዎቹ ጋር ፈረሶቹም ዋጋ እንደከፈሉ ይተርካሉ። ጀግኖቹ ሐውልት ሊቆምላቸው፣ ስማቸውም በመጽሐፍ ሊሰፍር ይችላል፤ ፈረሱ ግን ውለታው ተረስቶ ቀረ የሚል ቁጭት ነበር። ማኅበሩ የተቋቋመው ይህን ውለታ ለማስታወስ እንደሆነ ይነገራል። በዓሉ ጥር 23 ቀን እንዲሆን የተደረገውም ያለ ምክንያት አይደለም። በየወሩ 23ኛው ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ ሲሆን፣ ቅዱሱ ሁልጊዜም በፈረስ ላይ ሆኖ የሚሣል፣ በዓድዋም ዕለት ታቦቱ ከሠራዊቱ ጋር እንደወጣ የሚታመንበት ሰማዕት ነው።

ፈረስ በኢትዮጵያ ጦር ታሪክ የነበረው ስፍራ ከመሪዎቹ የፈረስ ስም ብቻ እንኳ ይታወቃል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለዋል። አንድን ሰው በፈረሱ ስም መጥራት ክብር ነበር። እረኛውም አዝማሪውም ጌታውን የሚያወድሰው በዚሁ ስም ነው። ይሁን እንጂ መኳንንቱ ረጅም መንገድ የሚጓዙት በአብዛኛው በበቅሎ ነበር። ፈረሱ በሌጣው እየተሳበ ይከተልና ጦርነት ሲደርስ ብቻ ይጫናል። በቅሎዋ ለመንገድ፣ ፈረሱ ለክብርና ለፍልሚያ ነበር ማለት ይቻላል።

ማኅበሩ የተመሠረተበትን ዘመን ልብ ማለት ይገባል። በ1932 ዓ.ም. አገሪቱ ገና በፋሽስት ጣሊያን ወረራ ሥር ነበረች። በዳንግላና በእንጅባራ የጣሊያን ጦር ምሽግ ነበረ። በጎጃም ገጠር ደግሞ በደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ በበላይ ዘለቀና በሌሎችም የሚመሩ አርበኞች ይንቀሳቀሱ ነበር። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ በኮሎኔል ሳንድፎርድ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ ከአርበኞቹ ጋር ለመገናኘት ወደ ጎጃም ገብቶ የተቀመጠውም እዚሁ በፋግታ ነበር። የጣሊያን ጦር ሁለቱን ከተሞች ለቆ የወጣው በ1933 ዓ.ም. የካቲት ወር ነው። እንግዲህ የዓድዋን ፈረሶች ለማሰብ የተቋቋመው ማኅበር የተወለደው በዓድዋ የተሸነፈው ኃይል ተመልሶ አገሩን በያዘበት ወቅት መሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ዓድዋ ፈረስ ተሰብስቦ መነጋገር ተራ ጉዳይ እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም።

የአካባቢው ሕዝብ ለፈረስ የሚሰጠው ክብር ግን ከዓድዋም የቀደመ ነው። ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1763 ዓ.ም. የጥቅምት ወር የዓባይን ምንጭ ለማየት ከጎንደር ተነስቶ ወደ ግሽ ሲጓዝ፣ በወቅቱ ዳሞትንና አገው ምድርን ይገዛ ከነበረው ከፋሲል ዘንድ ደረሰ። ከፋሲል ሰፈር የቀረበለት ፈረስ ያልተገራና አደገኛ ነበር። ሆኖም ብሩስ በጎንደር ቤተ መንግሥት ፈረሰኞችን ይመራ የነበረ ብርቱ ጋላቢ ስለሆነ ፈረሱን ሽቅብና ቁልቁል እያስሮጠ አድክሞ ገራው። ፋሲልም በሆነው ነገር አፍሮ፣ ሲሰናበተው የራሱን ፈረስ ሰጠው። ነገር ግን እንዲቀመጥበት አልነበረም። ፈረሱ እንደተጫነና እንደተለጎመ ከፊቱ እየተነዳ እንዲሄድ አዘዘ። በየመንገዱ ያለው ሰው ፈረሱን ሲያይ መንገደኛው በፋሲል ጥበቃ ሥር መሆኑን ያውቃል፤ እጁንም አያነሳበትም። ብሩስ በዚህ ፈረስ መሪነት ያለ ችግር ግሽ ደርሶ ተመለሰ። ታሪኩንም እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎታል። አንድ ባዶ ፈረስ የይለፍ ደብዳቤ ሆኖ ያገለገለበት አገር ነው እንግዲህ የፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተበት።

ብሩስን ካነሳን ዘንድ የትውልድ አገሩን አንድ ልማድ መጥቀሱ የማኅበሩን ጠባይ ለመረዳት ያግዛል። በስኮትላንድ ባግፓይፕ የሚባል፣ በቆዳ ከረጢት ውስጥ የታመቀ አየር በቧንቧዎች እየወጣ ድምፅ የሚሰጥበት የትንፋሽ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ለረጅም ዘመን ከጦር ክፍሎች ፊት እየተነፋ ወታደሩን ሲያደፋፍር ኖሯል። በኋላ ግን በየከተማውና በየመንደሩ ሕዝቡ ራሱ ባንድ እያቋቋመ በሰልፍ፣ በሠርግና በቀብር ማሰማት ጀመረ። እነዚህን ባንዶች የሚያስተባብር ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1930 ተመሥርቷል። የዓለም ውድድራቸው በየዓመቱ በነሐሴ ወር በግላስጎው ከተማ ይካሄዳል። የሁለቱ መንገድ ይመሳሰላል፤ ከጦር ሜዳ የመጣው ሙያ በሰላም ጊዜ የማኅበረሰብ ሀብት ሆኗል፤ ልጆችም ከታላላቆቻቸው ሥር ሆነው ይማሩታል። ልዩነቱ ግን ከፍ ያለ ነው። የሙዚቃ መሣሪያ ከበዓል እስከ በዓል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሊከርም ይችላል፤ ፈረስ ግን በየቀኑ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይታመማል። ስለዚህ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዋና ሥራ የጥር 23ቱ ትርኢት ሳይሆን በቀሩት ቀናት ሁሉ ፈረሱን ማኖር ነው።

በእነዚያ ቀናት ማኅበሩ የሚሠራው ከዕድር ሥራ ብዙም አይርቅም። አባል ሲሞት ፈረሰኞቹ ተሰብስበው አስከሬኑን ያጅባሉ። የሟቹም ፈረስ ሙሉ ዕቃው ተጭኖ፣ ጋላቢ ሳይኖረው፣ ለቅሶው ቦታ ድረስ ይሳባል። ሌላ ቃል ሳያስፈልገው ሰውን ሁሉ የሚያስለቅሰው ይህ ባዶ ኮርቻ ነው። በሠርግ ጊዜ ደግሞ ሙሽራውን ማጀብ፣ ሚዜዎችን ማድመቅ የፈረሰኛው ድርሻ ነው። የተጣሉ ሰዎችን በሽምግልና ማስታረቅም የማኅበሩ ተግባር ሲሆን፣ አባላት በልማት ሥራም ይሳተፋሉ። በአካባቢው አንድ ሰው ፈረሰኛ ነው ሲባል ስለ ግልቢያው ብቻ የሚነገር አይደለም። ሲጠሩት የሚደርስ፣ ከሰው የማይለይ ነው ለማለትም ጭምር ነው።

በበዓሉ ዕለት የሚታየው ትርኢት የራሱ ሥርዓት አለው። ፈረሰኞቹ በመጀመሪያ በሶምሶማ ሜዳውን እየዞሩ ሕዝቡን ሰላም ይላሉ። ቀጥሎ ደንገላሳው፣ ከዚያም ሽምጥ ግልቢያው ይመጣል። ከሁሉም ይልቅ ተመልካቹን የሚያስነሳው ጉግስ ነው። ጉግስ በሁለት ወገን ተከፍለው የሚጫወቱት የጦርነት አምሳያ ነው። አንደኛው ወገን እየጋለበ ሲሸሽ ሌላኛው እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል። የሚሸሸው ፈረሱን ሳያቆም ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል ወይም በፈረሱ አንገት ላይ ተኝቶ ያመልጣል። ከዚያም ተራው ይለወጣል። ጨዋታው ፈረስና ጋላቢ ምን ያህል እንደተዋወቁ የሚለካበት ነው። አለንጋ የሚያበዛ ጋላቢ በጉግስ ሜዳ አይመሰገንም፤ የሚመሰገነው በጉልበቱና በልጓሙ ብቻ ፈረሱን የሚያዝዘው ነው።

የፈረሱ ዕቃም ቀላል ግምት የሚሰጠው አይደለም። ኮርቻው፣ እርካቡ፣ ልጓሙ፣ ዛቡ፣ ከኮርቻው ላይ የሚጣለው ግላስ፣ በግንባሩና በደረቱ ላይ የሚንጠለጠለው ጌጥ፣ ሁሉም የእጅ ባለሙያ ሥራ ውጤቶች ናቸው። እንጨት ጠራቢው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ብረት ቀጥቃጩና ጥልፍ ጠላፊው ካልተባበሩ ፈረስ አይሸለምም። ስለዚህ ማኅበሩ ሳያስበው የነዚህንም ሙያተኞች ገበያ ይዞ ቆይቷል። አንድ ሙሉ ዕቃ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ማየትም የተለመደ ነው።

ፈረስን ማወቅ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በአካባቢው ፈረስ «ፈረስ» ብቻ ተብሎ አይታለፍም። መልኩ ዳማ፣ መጋላ፣ ጉራች፣ ቡላ፣ አምባላይ ወይም ግራጫ እየተባለ ይለያል። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ነው። ዕድሜው በጥርሱ ይታወቃል። ገዥ በገበያ ላይ ከንፈሩን ገልጦ የሚያየው ለዚህ ነው። ሰኮናው ይመረመራል፤ አረማመዱም ይታያል። ውርንጭላው ከእናቱ ተለይቶ እስኪገራ ድረስ ዓመታት ይወስዳል። ቶሎ የተጫነ ፈረስ ጀርባው ይጎብጣል፤ ዘግይቶ የተጫነ ደግሞ እልኸኛ ይሆናል። ይህን ሁሉ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም፤ ልጁ የሚማረው አባቱ ፈረሱን ሲያበላና ሲያጥብ አጠገቡ ቆሞ ነው። ሜዳ ላይ ከጭብጨባው በስተጀርባ ያለው ይህ እውቀት ነው፤ የሚያሳስበውም እሱ ነው።

የአዊን ፈረስ ከሌሎች አካባቢዎች ልዩ የሚያደርገው ደግሞ ሞፈርና ቀንበር መሸከሙ ነው። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል የእርሻው ሥራ የበሬ ሲሆን፣ በባንጃ፣ በፋግታ ለኮማና በአካባቢያቸው ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች ግን ሁለት ፈረስ ጠምዶ ማረስ የተለመደ ነው። ፈረስ ከበሬ ይልቅ ፈጣን ነው፤ ብርዱንም ይችላል። በጥር 23 ተሸልሞ አደባባይ የወጣው ፈረስ በክረምቱ መግቢያ የገብስ ወይም የድንች ማሳ ሲያርስ ሊታይ ይችላል። ከዚያም አልፎ እህል ወደ ገበያ ይጭናል፤ ባዝራዋም ከአህያ ተዳቅላ በቅሎ ትወልዳለች። የማኅበሩ ዕድሜ ለመርዘሙ አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስላል። ፈረሱ ለክብር ብቻ የሚቀለብ ቢሆን ኖሮ ችግር በመጣ ጊዜ ቀድሞ የሚሸጠው እሱ በሆነ ነበር።

ይህ መሠረት ግን ባለፉት ዓመታት እየተነቃነቀ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠቀሰው የግጦሽ መሬት መጥበብ ነው። የሕዝቡ ቁጥር በመጨመሩ ቀድሞ የጋራ የነበሩ መስኮች ታርሰዋል። በተለይ በፋግታ ለኮማና በባንጃ ወረዳዎች አርሶ አደሩ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት በስፋት ተክሏል። የአካባቢው አፈር አሲዳማ በመሆኑ ሰብሉ የድካሙን ያህል አልሰጥ ሲል፣ በ4 እና በ5 ዓመት ለከሰል የሚደርሰው ዛፍ ለብዙ ቤተሰቦች ጥሩ ገቢ አስገኝቷል። አዲስ አበባ ከሚገባው ከሰል የተወሰነው ከዚሁ አካባቢ የሚሄድ ነው። ዛፉ አፈሩን እንደጠቀመም ይነገርለታል። ፈረሱን ግን መስክ አሳጥቶታል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዛፉን ቅርንጫፍና ቅጠል የሚያደርቅ የዋግ በሽታ ገብቶ ብዙ ተክል አጥፍቷል። አርሶ አደሩም ማሳውን ወደ ሌላ ሰብል እየመለሰ ነው። ከዚህ ከሚለቀቀው መሬት ጥቂቱ እንኳ ለግጦሽ ይመለስ ይሆን የሚለው ጥያቄ የሚመለከተው የግብርና መሥሪያ ቤትን ብቻ አይደለም፤ የፈረሰኞች ማኅበሩንም ጭምር ነው።

የከተማው ኑሮም ተለውጧል። በእንጅባራና በዳንግላ ሰውና ዕቃ በዋናነት ያጓጉዝ የነበረው የፈረስ ጋሪ ስፍራውን ለባጃጅ እየለቀቀ መጥቷል። ለጋሪ ፈረስ ይህ ከአድካሚ ሥራ መገላገል ሊሆን ይችላል፤ የጋሪ ፈረስ ኑሮ የሚያስቀና አልነበረም። ለባለቤቱ ግን ፈረስ የመያዝ አንድ ምክንያት ቀንሷል። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ ወጣቱም ትምህርቱን ተከትሎ ከቀዬው ይርቃል። የተማረ ልጅ በበዓል ቀን የአባቱን ፈረስ ተውሶ ሊጋልብ ይችላል፤ ፈረሱን ዓመቱን ሙሉ የሚቀልበው ግን አባቱ ነው።

በሽታም ሌላው ፈተና ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ በመባል የሚታወቀውና በነፍሳት ንክሻ የሚተላለፈው በሽታ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በየጊዜው እየተከሰተ በርካታ ፈረሶችን ይገድላል። መከላከያ ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል። በቆዳ ላይ እባጭና ቁስል እያወጣ ፈረሱን የሚያከሳው፣ በጋሪና በኮርቻ ዕቃ ንክኪ የሚዛመተው ተላላፊ በሽታ ግን ክትባት የለውም። ስለዚህ የታመመውን መለየትና ዕቃ አለመዋዋስ ብቻ ነው መከላከያው። ለዓመታት ልጓምና ግላስ ሲዋዋስ ለኖረ ማኅበር ይህ ምክር በቀላሉ የሚተገበር አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሶች በአንድ ሜዳ በሚሰባሰቡበት ጥር 23 የእንስሳት ሐኪም መገኘት ከመድረኩ ዝግጅት ባልተናነሰ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በዓሉን በዓለም አቀፍ ቅርስነት ለማስመዝገብ እንቅስቃሴ መጀመሩ በተደጋጋሚ ተገልጿል። ኢትዮጵያ የመስቀልን በዓል በ2006፣ ፍቼ ጨምበላላን በ2008፣ የገዳ ሥርዓትን በ2009፣ ጥምቀትን በ2012፣ ሹዋሊድን በ2016 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍራለች። በዚህ መዝገብ ለመግባት የበዓሉን ድምቀት በፊልም ማሳየት አይበቃም። ባህሉ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደሚተላለፍና ባለቤቱ ማኅበረሰብ ለጥበቃው ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ማስረዳት ግዴታ ነው። ለአገው ፈረሰኞች ይህ ማለት ከሜዳው ትርኢት አስቀድሞ የውርንጭላው አስተዳደግ፣ የአገራሩ ጥበብ፣ የኮርቻ ሠሪው ሙያና የመስኩ ይዞታ መመዝገብ አለባቸው ማለት ነው። ይህን እውቀት የያዙት አዛውንት አባላት ናቸው።

በዓሉ ከቀትር በኋላ ሲጠናቀቅ ፈረሰኞቹ በመጡበት መንገድ ይመለሳሉ። በባሕር ዳር መንገድ ወደ ዳንግላ የሚሄዱት የአስፋልቱን ዳር ይዘው፣ መኪና ሲመጣ ፈረሶቻቸውን ወደ ሣሩ እያወጡ ይጓዛሉ። ከበድ ያለውን ጌጥ አውልቀው በስልቻ ይይዙታል። ፈረሱም መንገድ ላይ ውኃ ያገኘበት ቦታ ሁሉ ልጓሙ ይወልቅለትና ይጠጣል።